ሰባት ሰው፣ ዘጠኝ ሚና፤ የመስጂድና የመድረሳ ኮሚቴዎቻችን ለምን መንገድ ላይ ይቆማሉ?

ጁሙዓ ተሰግዶ ካበቃ በኋላ ኢማሙ «ጀመዓ፣ አትበተኑ፣ ጉዳይ አለን» ሲሉ የሚመጣውን ሁላችንም እናውቃለን። ኮሚቴ ሊመረጥ ነው። የመድረሳው ጣሪያ ያፈሳል፣ የመቃብር ቦታው አጥር ፈርሷል፣ ወይም የመስጂዱ የካርታ ጉዳይ ማዘጋጃ ቤት ውስጥ ዓመት አስቆጥሯል። ከኋላ አንዱ «ሐጂ እገሌ ይሁኑ» ይላል። ሌላው «እሳቸው ካሉማ ወንድማቸውም ይግቡ» ይላል። ተክቢራ ይከተላል፤ በሩብ ሰዓት ውስጥ ሰባት ሰው ተመርጦ ያልቃል። ሲመረጡ የታየው ሀብታቸው፣ ዕድሜያቸው፣ ደግነታቸውና ቤተሰባቸው ነው። ከሰባቱ ውስጥ ማን ደረሰኝ በሥርዓት እንደሚያስቀምጥ፣ ማን ከቢሮ ቢሮ መዞር እንደማይሰለቸው፣ ማን የተጀመረ ነገር ሳያልቅ እንቅልፍ እንደማይወስደው የጠየቀ ሰው የለም።

እኛም ከዓመታት በፊት በምሥራቅ ጎጃም በአንዲት ከተማ እንዲህ ባለ ኮሚቴ ውስጥ ነበርን። ሥራው አራት የመድረሳ ክፍሎች መሥራት ነበር። ከሰባታችን አራቱ የታወቁ ነጋዴዎች፣ አንዱ የተከበሩ አዛውንት፣ አንዱ ኡስታዝ፣ አንዱ ገና ከኮሌጅ የወጣ የሒሳብ ልጅ ነበሩ። ገንዘቡ ካሰብነው ቀን በፊት ተሰበሰበ። ግድግዳው በሁለት ወር ቆመ። ከዚያ ሥራው ቆመ። አራቱ ነጋዴዎች አራት ዓይነት ጣሪያ ፈለጉ፤ እያንዳንዱ በየሱቁ የመጨረሻው ቃል የራሱ ስለሆነ የሌላውን ቃል መስማት አልለመደም። የሒሳቡ ልጅ የሲሚንቶውን ደረሰኝ ሲጠይቅ «አንተ ልጅ፣ አታምነንም እንዴ?» ተባለ። ሦስተኛ ጊዜ ሲባል ከስብሰባ ቀረ። የተገዛው እንጨት ክረምቱን ሙሉ ዝናብ ላይ አደረ። ማንም የሕዝብ ገንዘብ አልበላም፤ ይህን በእርግጠኝነት እንናገራለን። ሰዉ ግን እንደዚያ አላመነም። በሚቀጥለው ዓመት ለሌላ ጉዳይ መዋጮ ሲጠየቅ እጁን ወደ ኪሱ የሰደደ ጥቂት ነው።

እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥመን «ኢኽላስ ጠፋ» ብለን እናልፈዋለን። አንዳንዴ እውነት ነው። ብዙ ጊዜ ግን ኢኽላስ ያላቸው ሰባት ሰዎች አንድ ዓይነት ሰዎች በመሆናቸው ብቻ ሥራው ይወድቃል። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ይህን ነው፤ በአስተዳደር ትምህርት «የቡድን ሚና» የሚባለውን ሐሳብ፣ እንደ ብቸናና ሞጣ ባሉ ከተሞች ለምንኖር ሙስሊሞች ምን እንደሚጠቅመን።

ሐሳቡን ያመጣው እንግሊዛዊው ተመራማሪ ሜሬዲት ቤልቢን ነው። እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ለዘጠኝ ዓመታት ያህል ሄንሌይ በሚባል የሥራ አመራር ኮሌጅ ለሥልጠና የሚመጡ ኃላፊዎችን አጥንቷል። ሠልጣኞቹ በቡድን ተከፍለው አንድ ድርጅት እንደሚመሩ ሆነው ይወዳደሩ ነበር። ቤልቢን አስቀድሞ የእያንዳንዱን ሰው የአእምሮ ችሎታና ጠባይ ይመዝናል፣ ከዚያ ቡድኖቹን በተለያየ መልክ ያዋቅራል፣ ማን እንደሚያሸንፍም ይተነብያል። ከሁሉ በላይ ያስገረመው ነገር በፈተና ከፍተኛ ውጤት ያመጡትን ብቻ ሰብስቦ ያቋቋማቸው ቡድኖች ዕጣ ነበር። ወደ ጨረቃ በተላከችው መንኮራኩር ስም «አፖሎ» አላቸው። ሁሉም ሰው እነዚህ ያሸንፋሉ ብሎ ጠበቀ። ከ25ቱ የአፖሎ ቡድኖች አንደኛ የወጡት ግን ሦስት ብቻ ነበሩ፤ ከስምንት ተወዳዳሪዎች መካከል ብዙ ጊዜ የያዙት ቦታ ስድስተኛ ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ጊዜያቸውን የፈጁት አንዱ የሌላውን ሐሳብ ቀዳዳ በመፈለግ ነው። መናገር የሚችል ሞልቷል፣ ተቀብሎ የሚሠራ የለም። የኛን አራት ነጋዴዎች ያስታውሷል።

ቤልቢን ይህን ጥናት እ.ኤ.አ. በ1981 በመጽሐፍ አወጣው። ያኔ የዘረዘራቸው ሚናዎች ስምንት ነበሩ፤ በኋላ ዘጠነኛ ተጨመረበት። ሚና ስንል ሊቀመንበር፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥ የሚለውን ሹመት ማለታችን አይደለም። ሹመት ሰው ይሰጠናል፤ ሚና ግን ከሰው ጋር ስንሠራ በተፈጥሯችን የምናዘነብልበት ነው። ዘጠኙን በኛ አገር ሰዎች መልክ እንያቸው።

ሐሳብ አፍላቂው ማንም ያላሰበውን መላ የሚያመጣ ነው። ገንዘብ አይበቃም ሲባል «ግድግዳውን በብሎኬት ከምንሠራ ድንጋዩን ከወንዙ ዳር ራሳችን ብናወጣስ?» የሚል። ብዙውን ጊዜ ዝምተኛ ነው፣ ስብሰባ ላይ የሚሉትን ሁሉ አይሰማም፣ ካመጣቸው አምስት ሐሳቦች አራቱ የማይሆኑ ናቸው። ቤልቢን ለዚህ ሚና የሰጠው ስም «ፕላንት» ነው፤ በየቡድኑ እንዲህ ያለ አንድ ሰው ሆን ብሎ «ይተክል» ስለነበር። በር ከፋቹ ደግሞ ሰው የማያልቅበት ነው። ባሕር ዳር ማንን መጠየቅ እንዳለበት፣ ጅዳ ያለው የአክስቱ ልጅ ከእነማን ጋር እንደሚሠራ ያውቃል፤ ሥራው ሲጀመር ይነድዳል፣ ሲደጋገም ይሰለቻል። አስተባባሪው የሁሉንም ሐሳብ ሰምቶ ሥራውን ለሚገባው ሰው የሚሰጥ ነው፤ ከሁሉ የበለጠ አዋቂ መሆን የለበትም። ገፊው እንቅፋት ሲያይ የሚበረታ፣ «ዛሬ ካልሆነ መቼ?» የሚል፣ ሰውን የሚያስቀይም ነገር ግን የቆመን ሥራ የሚያንቀሳቅስ ነው። ፈጻሚው የተባለውን ወስዶ በጊዜውና በወጉ የሚሠራ ነው። አስማሚው ሁለቱ ተኳርፈው ሲለያዩ ማታ በየቤታቸው ሄዶ ቡና ጠጥቶ የሚመለስ ነው። ባለሙያው የአንድ ነገር አዋቂ ነው፤ ሕግ ወይም ግንባታ ወይም ሒሳብ፤ ከዚያ ውጪ ብዙ አያገባውም።

የቀሩትን ሁለቱን ለብቻ ያቆየናቸው የኛ ኮሚቴዎች ሁልጊዜ የሚያጧቸው እነሱን ስለሆነ ነው። አንዱ መዛኙ ነው። ሁሉም በስሜት «እንዴታ!» ሲል እሱ «ቆይ፣ ይህ ገንዘብ ከየት ይመጣል?» ብሎ ይጠይቃል። ቀዝቃዛ ይመስላል፣ አያጨበጭብም፣ ተክቢራ ሲባል ድምፁ አይሰማም። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ሰው «ተስፋ አስቆራጭ» ይባላል፤ ሲብስም ኢማኑ ይጠረጠራል። ሌላው አጠናቃቂው ነው። መስኮቱ ተገጥሞ እጀታው የቀረ እንደሆነ ሌሊት የሚታየው እሱ ነው። ደረሰኝ ይቆጥራል፣ የተጻፈ ቃለ ጉባኤ ደግሞ ያነባል፣ ሥራውን ለሌላ ሰው አምኖ መስጠት ይከብደዋል። ነጭናጫ እንለዋለን። ያ የሒሳብ ልጅ አጠናቃቂ ነበር፤ ያባረርነው እኛ ነን።

ከቤልቢን ትምህርት ለኛ ትልቁ ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው። እያንዳንዱ ሚና ከጥንካሬው ጋር የሚመጣ ድክመት አለው፤ ድክመቱ የጥንካሬው ዋጋ ስለሆነ መቻል አለበት ይላል። ገፊውን ያለ ቁጣው፣ አጠናቃቂውን ያለ ጭቅጭቁ፣ ሐሳብ አፍላቂውን ያለ ዝንጋኤው አታገኛቸውም። ሸማኔ ቤት ያደገ ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልገውም፤ አንዷ ትፈትላለች፣ አንዱ ድር ያደራል፣ አንዱ መወርወሪያውን ይወረውራል፤ ፈታይዋን ለምን አልሸመንሽም ብሎ የሚቆጣ የለም።

ይህ ሁሉ የእንግሊዝ ኮሌጅ ግኝት ነው፣ ለኛ ምን ያደርግልናል የሚል ወንድም ሊኖር ይችላል። እንግዲያውስ ሲራችንን እንመልከት። የአዛን ቃላት በሕልሙ የታየው ዐብዱላህ ኢብኑ ዘይድ (ረ.ዐ) ነበር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሕልሙን ተቀበሉት፤ አዛን እንዲያደርግ ያዘዙት ግን ባለ ሕልሙን አልነበረም። ከቢላል (ረ.ዐ) ጋር ቆሞ ቃላቱን እንዲነግረው አደረጉ፤ ምክንያቱም የቢላል ድምፅ ይበልጥ ነበር። ሐሳቡ ያንተ ስለሆነ ሥራውም ያንተ ነው አልተባለም። በኛ ጀመዓ ግን ሐሳብ ያመጣ ሰው ወዲያው «በል እንግዲህ አንተው ኃላፊ ሁን» ይባላል። ሰዉም ይህን ስለሚያውቅ ሐሳቡን ይዞ ዝም ይላል።

ሂጅራን ደግሞ እንደ አንድ የቡድን ሥራ እንየው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) እና አቡበክር (ረ.ዐ) በሠውር ዋሻ ሦስት ሌሊት ሲቆዩ፣ የአቡበክር ልጅ ዐብዱላህ ቀን ቀን መካ ውስጥ ውሎ የቁረይሾችን ወሬ ሰምቶ ማታ ያደርስ ነበር። አስማእ (ረ.ዐ) ስንቁን አሰናዳች፤ ማሰሪያ ሲጠፋ መቀነቷን ለሁለት ቀደደች። ዓሚር ኢብኑ ፉሀይራ በጎቹን ወደዚያ እየነዳ ወተት ያቀርባል፣ የእግር ዱካውንም በመንጋው ያጠፋል። መንገዱን የመራው ዐብዱላህ ኢብኑ ኡረይቂጥ ገና እስልምናን አልተቀበለም ነበር፤ በረሃውን ስለሚያውቅና ስለታመነ በክፍያ ተቀጠረ። ዐሊይ (ረ.ዐ) ደግሞ በነቢዩ አልጋ ተኝቶ አደረ፤ ከዚያም መካ ቆይቶ ሰዎች ነቢዩ ዘንድ ያስቀመጡትን አማና ለየባለቤቱ መልሶ ነው የተከተላቸው። እስቲ ይህን የመጨረሻውን ልብ እንበል። ሊገድሏቸው ከሚፈልጉ ሰዎች ከተማ እየተወጣ እንኳ የሰው ዕቃ ቆጥሮ የሚያስረክብ ሰው ተመደበ። አጠናቃቂ ማለት ይህ ነው።

ክብርና ሚና ለየቅል መሆናቸውንም ከዚያው ዘመን እናገኛለን። በስምንተኛው ዓመተ ሂጅራ ወደ ዛቱ ሰላሲል የተላከውን ጦር የመራው እስልምናን ከተቀበለ ብዙ ያልቆየው ዓምር ኢብኑል ዓስ ነበር፤ በሥሩ አቡበክርና ዑመር (ረ.ዐ) ነበሩ። በሌላ በኩል አቡ ዘር (ረ.ዐ) በእውነተኝነቱ ማን የሚስተካከለው አለ? ሹመት ሲጠይቅ ግን ነቢዩ ለዚህ ደካማ እንደሆነ፣ ሹመትም አማና እንደሆነ ነገሩት። ደግነቱ ቅንጣት አልቀነሰም። ለዚያ ሥራ የሚሆን ሰው አልነበረም፣ በቃ።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። ከደጀን ተነስቶ በብቸና በኩል ወደ ሞጣና ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ዳር ያለን ሙስሊሞች ጥቂት ነን። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ በምሥራቅ ጎጃም ዞን ሙስሊሙ ከመቶ 2.5 ገደማ ነበር። አብዛኛው ከተማ ውስጥ በንግድ የሚተዳደር ነው። ይህ ቁጥር ለቡድን ሥራ ምን ማለት እንደሆነ ለአዲስ አበባ ወንድሞቻችን ማስረዳት ያስፈልጋል። እዚያ የመስጂድ ኮሚቴ አንድ ጠበቃ ቢያጣ በሚቀጥለው ሶፍ አሥር ይገኛል። እነማይ ወረዳ ብቸና ላይ ወይም ሁለት እጁ እነሴ ሞጣ ላይ ግን የመስጂዱ ኮሚቴ፣ የመድረሳው ኮሚቴ፣ የእድሩና የዘካው ኮሚቴ ተጠርተው ቢሰለፉ ፊቶቹ ተመሳሳይ ናቸው። አንድ ሰው አራት ቦታ ላይ ሊቀመንበር ነው። አራቱም ቦታ ላይ ገፊ ነው። አራቱም ቦታ ላይ መዛኝ የለም።

ጥቂት የሆነ ሕዝብ ኮሚቴው ሲወድቅ የሚከፍለው ዋጋም ይበዛል። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ዓርብ ሞጣ ላይ የደረሰውን አንባቢ አይረሳውም። መስጂዶች ተቃጠሉ፣ የሙስሊም ነጋዴዎች ሱቆች ተዘረፉና ነደዱ። በቀጣዮቹ ቀናት በብዙ ከተሞች ሙስሊሙ ድርጊቱን ለማውገዝ አደባባይ ወጣ፤ ከአገር ውስጥና ከውጭም የእርዳታ እጅ ተዘረጋ። በዚያ ጊዜ ማን ምን እንደሠራ ልንፈርድ አይደለም የተነሳነው። እንዲህ ያለ ቀን በአንድ ትንሽ ጀመዓ ትከሻ ላይ የሚጥለውን ሥራ ዓይነት ለማየት ነው።

በመጀመሪያው ሳምንት የሚፈለገው ገፊ ነው። ሰው አመድ ላይ ተቀምጦ ሲያለቅስ «ተነሱ፣ ዙሁርን እዚህች ሜዳ ላይ እንሰግዳለን፣ ልጆቹን የሚያሳድር ቤት እንቁጠር» የሚል። በዚያው ሰዓት አስማሚ ያስፈልጋል፤ ወጣቱ ደሙ ሲፈላ፣ ሽማግሌው ሲፈራ፣ ጎረቤት ክርስቲያን ቤቱን ከፍቶ ሲጠብቅ፣ በሦስቱ መካከል የሚመላለስ ሰው። ሁለተኛው ሳምንት ላይ በር ከፋቹ ይወጣል፤ ወደ ዞን፣ ወደ ክልል፣ ወደ መጅሊስ፣ ወደ ጋዜጠኛ። እስከዚህ ድረስ እኛ ሙስሊሞች መቼም ሰው አናጣም። መከራ ሲመጣ የሚነሳ ሞልቶናል።

ከባዱ ሥራ የሚመጣው ካሜራው ከሄደ በኋላ ነው። አንድ ሱቅ ሲነድ መዝገቡም አብሮ ይነዳል። ባለሱቁ ይህን ያህል ዕቃ ነበረኝ ይላል። አላህን የሚፈራ ሰው ነው፤ ሆኖም የደነገጠ ሰው ቁጥር አያስታውስም፣ ጎረቤቱም ከሱ ያነሰ ተናግሬ ልጎዳ ነው ብሎ ይሰጋል። እያንዳንዱን ቤት ገብቶ፣ ዕቃ ያከፋፈለውን የባሕር ዳር ወይም የአዲስ አበባ ነጋዴ ደውሎ ጠይቆ፣ የተነገረውን ከተገኘው ጋር አስተያይቶ «ይህ ይያዝ፣ ይህ ይቀነስ» የሚል መዛኝ ከሌለ ካሳው የቂም ዘር ይሆናል። ይህ መዛኝ የአጎቱን ልጅ ዝርዝር ጭምር መቀነስ ይጠበቅበታል። በትንሽ ከተማ ይህን የሚያደርግ ሰው ማታ ሲመለስ ሰላምታ የሚነፍጉት ዘመዶች ይኖሩታል። አጠናቃቂው ደግሞ የምስክሮችን ስም፣ የፎቶግራፎችን ቀን፣ የፍርድ ቤት ቀጠሮን፣ የባንክ ደብተርን ከዓመት በኋላም ይዞ ይገኛል። ጀርመን ወይም ሪያድ ሆኖ መቶ ዶላር የላከ ወንድም ከሁለት ዓመት በኋላ «የት ደረሰ?» ብሎ ቢጠይቅ፣ በአንድ ገጽ መልስ የሚሰጠው ሰው መኖር አለበት። ያ መልስ ከሌለ ወንድማችን ለሚቀጥለው መከራ አይልክም።

እንግዲህ ይህን በተግባር እንዴት እናውለው? ቤልቢን የራስ መመዘኛ መጠይቅ አለው፤ ጥያቄዎቹን ሞልቶ ሚናን ማወቅ ይቻላል ይባላል። በኛ እምነት ለብቸናና ለሞጣ ጀመዓ መጠይቁ አያስፈልግም። ሰው ስለ ራሱ ሲጠየቅ መሆን የሚፈልገውን ይናገራል፤ ቤልቢንም ቢሆን አብረው የሠሩ ሰዎች ምስክርነት ይታከልበት ይላል። ትንሽ ከተማ ውስጥ ደግሞ ሁሉም ሰው የሁሉንም ሰው ጠባይ ያውቃል። ጥያቄው ስለ ጠባይ ሳይሆን ስለ ሥራ ይሁን። ባለፈው የረመዳን ኢፍጣር ዝግጅት ማን ድስቱን ቆጥሮ መለሰ? የሐጂ እገሌ ጀናዛ ዕለት ሳይጠራ መጥቶ ድንኳን የተከለው ማን ነው? ሁለቱ ጎረቤቶች በድንበር ሲጣሉ ማን አስታረቀ? የመብራት ቆጣሪው ጉዳይ ሲንከባለል መሥሪያ ቤቱ ድረስ ሄዶ የጨረሰው ማን ነው? መልሶቹን ወረቀት ላይ ብናሰፍር የማንጠብቃቸው ስሞች ይወጣሉ፤ ብዙዎቹም የፊት ሶፍ ሰዎች አይደሉም።

ከስሞቹ ብዙዎቹ የሴቶች እንደሚሆኑ ከአሁኑ እንናገራለን። የትኛው ቤት ምድጃው ሳይነድ እንዳደረ፣ የትኛዋ የቲም ከመድረሳ እንደቀረች ቀድሞ የሚያውቀው የሴቶቹ ጀመዓ ነው። የዘካ ኮሚቴ ሴት ሳይኖርበት ድሃ ሲለይ የሚለየው ደጅ የሚጠናውን እንጂ አንገቱን ደፍቶ የተቀመጠውን አይደለም። ሥርዓቱን ጠብቆ፣ በሴቶች በኩል ዝርዝሩን ማስመጣትና ማስመርመር የሚከብድ ነገር አይደለም።

ዘጠኝ ሚና ስላለ ዘጠኝ ሰው ይመረጥ ማለት አይደለም። አንድ ሰው ሁለት፣ አንዳንዴም ሦስት ሚና ይችላል፤ አምስት ሰው ዘጠኙን ሊሸፍን ይችላል። ዋናው የጎደለውን ማወቅ ነው። ሰባቱን መርጠን ስናበቃ «ከነዚህ ውስጥ በስብሰባ ላይ አይሆንም ማለት የሚችለው ማን ነው? ሥራው ሲያልቅ መዝገቡን የሚዘጋው ማን ነው?» ብለን እንጠይቅ። ጣታችን የሚጠቁመው ሰው ካጣ ምርጫው አላለቀም። ከውስጥ የማይገኝ ከሆነ ከውጭ ይመጣል። መሐንዲሱ ወይም የሕግ ባለሙያው ክርስቲያን ጎረቤታችን ቢሆን ኢብኑ ኡረይቂጥን አስታውሰን ክፍያውን ከፍለን እናሠራዋለን፤ ሞጣም ብቸናም ላይ በንግዱ እንዲህ ነው የምንኖረው። ከሌላ ከተማ መጥራትም ይቻላል፤ ነገር ግን መንገድ በሚዘጋበት፣ ስልክ በሚጠፋበት በዚህ ዘመን «የባሕር ዳሩ ወንድማችን ይጨርስልናል» ብሎ መተማመን አንችልም። ቢያንስ መዛኙና አጠናቃቂው እዚያው በእግር የሚገኙ ይሁኑ።

ሚና እንደ ሥራው ዕድሜም ይፈራረቃል። መጀመሪያ ላይ ሐሳብ አፍላቂና በር ከፋች ይናገሩ፤ መሐል ላይ ፈጻሚው፤ መጨረሻ ላይ አጠናቃቂው። ብዙ ጊዜ የምንሳሳተው በጅምሩ ደምቆ የታየውን ሰው እስከ መጨረሻ መሪ አድርገን ማቆየታችን ነው። ገንዘብ በማሰባሰብ አንደበቱ የሚጥም ወንድም ለቆርቆሮ ቆጠራ አይሆንም። ይህን ሳያፍሩ ለመነጋገር ሊቀመንበሩ አስተባባሪ ጠባይ ያለው ሰው ቢሆን ይመረጣል። የከተማው ትልቁ ባለሀብት በክብር አባልነት ይቀመጡ፤ ዱዓቸውንም ሐብታቸውንም አንነፈግም። ስብሰባውን የሚመራ ግን የሌላውን ቃል እስከ መጨረሻ የሚሰማ ሰው ይሁን።

ንድፈ ሐሳቡ ነቀፌታ የለበትም ማለታችን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1993 ኤድሪያን ፈርንሃምና ባልደረቦቹ የቤልቢንን መጠይቅ መርምረው የመለኪያነት ብቃቱን ተጠራጥረዋል፤ ክርክሩ ከዚያ ወዲህም ቀጥሏል። እኛ ከዚያ ይልቅ የምንፈራው ስሙ መሸሸጊያ እንዳይሆን ነው። «እኔ ሐሳብ አፍላቂ ነኝ፣ ቃለ ጉባኤ መጻፍ አይሆንልኝም» የሚል ወጣት ወደፊት ይመጣል። «እኔ ገፊ ነኝ» ብሎ አዛውንትን የሚያመናጭቅም አይጠፋም። ድክመት ይቻላል ማለት የሰው ሐቅ ይነካል ማለት አይደለም። ሌላም አለ፤ ዘጠኙን ሚና አሟልቶ የተዋቀረ ኮሚቴ አንድ ሌባ ካለበት ከንቱ ነው። የቡድን ሚና የሚያግዘው ታማኝ ሰዎች እንዳይሰናከሉ ነው፤ ታማኝነትን ከሌለበት አያመጣም። አላህን የሚፈራ ሰው መፈለግ ከሁሉ ይቀድማል፤ ከተገኘ በኋላ ግን የት እንደሚቀመጥ ማሰብ የኛ ፈንታ ነው።

ያ የኛ መድረሳ በመጨረሻ ክዳን አግኝቷል። ነገሩ የተፈታው እንዲህ ነው። አዛውንቱ አንድ ቀን ከመግሪብ በኋላ ብቻቸውን ወደ ሒሳቡ ልጅ ቤት ሄዱ። «ልጄ፣ ያን ጊዜ እኔም ዝም ብያለሁ፤ ዐውፍ በለኝ» አሉት። ልጁ ሲመለስ አንድ ሁኔታ አስቀመጠ፤ ማንኛውም ግዢ በሁለት ሰው ፊርማ ይሁን፣ ደረሰኙም በየጁሙዓው መስጂዱ በር ላይ ይለጠፍ። ከነጋዴዎቹ ሁለቱ ተቆጡ፤ ሁለቱ ዝም አሉ። የጣሪያውን ዓይነት ኡስታዙና አንድ አናጺ ወሰኑ። አራቱም ነጋዴዎች ወደሚችሉት ሥራ ተመለሱ፤ አንዱ ቆርቆሮውን በጅምላ ዋጋ አስመጣ፣ ሌላው የጭነት መኪና አገኘ። የመጀመሪያው ደረሰኝ የተለጠፈ ዕለት ሰው ከሰላት በኋላ በሩ ላይ ተከማችቶ አነበበው፤ የሚስማር ዋጋ ሳይቀር። በሚቀጥለው ሳምንት አንዲት እናት መጥተው የቀረውን የአንድ መስኮት ወጪ እኔ ልቻል አሉ።